«የሐሞት ጠጠር ነው ብዬ ነው የሄድኩት»

ሰሞኑን ከመጡልኝ ደብዳቤዎች ገሚሱ ክብደት ለመቀነስ ጨጓራቸውን ኦፕራሲዮን ከተደረጉ ሰዎች ነው። የሚጠይቁኝ ስለ ኦፕራሲዮኑ አይደለም፤ እሱንማ ከእኔ የተሻለ ያውቁታል። ጥያቄያቸው ከዓመት፣ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ስላለው ኑሮ ነው፤ ኪሎው ወርዶ፣ ቀጠሮው አልቆ፣ «እንኳን ደስ ያለሽ» ያለው ሁሉ ወደ ቤቱ ከገባ በኋላ ስላለው። አራቱን መርጬ አሳጥሬያቸዋለሁ። እኔ በቀዶ ሕክምና ክፍል ያረጀሁ ነርስ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ የመድኃኒቱን መጠን የሚወስንላችሁ የራሳችሁ ሐኪም ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ፦ ስሊቭ የሚባለው ከጨጓራው ከ75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ተቆርጦ ወጥቶ ቀጭን ቱቦ ብቻ የሚቀርበት ነው። ባይፓስ ደግሞ ከጨጓራው ጫፍ ትንሽ ከረጢት ተለይታ ከትንሹ አንጀት ጋር የምትገጠምበት ነው፤ ምግቡ አብዛኛውን ጨጓራና የአንጀቱን መጀመሪያ ሳይነካ ያልፋል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ሲስተር። የ38 ዓመት ሴት ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ካዛንቺስ ነው፤ ሰፈራችን ከፈረሰ ወዲህ ቤታችን ሌላ ቦታ ቢሆንም ሥራዬ እዚያው ነው። ከሦስት ዓመት ተኩል በፊት ሕንድ ሄጄ ስሊቭ ተሠርቻለሁ። ለቤተሰብ የሐሞት ጠጠር ነው ብዬ ነው የሄድኩት። እውነቱን የምታውቀው አሜሪካ ያለችው እህቴ ብቻ ናት። ከ118 ኪሎ 74 ገብቼ ነበር፤ ዛሬ 83 ነኝ። ስከሳ «ምን አገኛት» ሲል የነበረ ሰው አሁን ደግሞ «ተመለሰላት» ይላል። ይደክመኛል፣ ደረጃ ስወጣ ልቤ ይመታል፣ የእግር ጣቶቼ ይደነዝዙኛል። ቫይታሚኑን ካቆምኩ ዓመት አልፎኛል። ዓቢይ ጾም እየመጣ ነው። እናቴ ቤት ደግሞ እሁድ እሁድ ጉርሻው አያልቅም። ሁለተኛ ኦፕራሲዮን ላድርግ ወይስ ኦዜምፒክ የሚባለውን የምግብ ፍላጎት የሚቀንስ መርፌ ልጀምር?
ምስጢረኛዋ

መልስ፦ እህቴ፣ ከኪሎሽ በፊት የጣቶችሽ ነገር ነው ያሳሰበኝ። ቫይታሚን ቢ12 ከምግብ ወደ ደም እንዲገባ ጨጓራ የሚያመነጨው አንድ ፕሮቲን ያስፈልጋል፤ ያንን የሚያመነጨው የጨጓራሽ ክፍል ደግሞ አብዛኛው ሕንድ ቀርቷል። ጉበት የቢ12 ስንቅ ስለሚይዝ ጉድለቱ በመጀመሪያው ዓመት ላይታይ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ብቅ የሚለው አንቺ አሁን ባለሽበት ጊዜ ነው። ነርቭ ከተጎዳና ከቆየ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። ስለዚህ ይህን ባነበብሽበት ሳምንት ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ ጾሙ እስኪገባ፣ ደመወዝ እስኪወጣ አትበይ።

ስትሄጂ «ደም ማነስ እዩልኝ» ብቻ ብለሽ እንዳትመለሺ። ሄሞግሎቢን ደህና ሆኖ የአይረን ማከማቻው ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ፌሪቲን የሚባለው ምርመራ ነው ያንን የሚያሳየው። ቢ12፣ ፎሌት፣ ቫይታሚን ዲ፣ ካልሲየምና ፒቲኤች የሚባለው ሆርሞንም አብረው ይታዩ። ፎሊክ አሲድ ብቻሽን ገዝተሽ መዋጥ አትጀምሪ፤ ደሙን አስተካክሎ የቢ12ን ጉድለት ይሸፍንና ነርቭሽ ውስጥ ውስጡን ሲጎዳ ሳታውቂው ትቀሪያለሽ። ይህ ምርመራ በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ዕድሜ ልክ የሚደረግ ነው።

ክኒኖቹን በተመለከተ በተለምዶ የሚታዘዘው እንዲህ ነው። የወር አበባ ለምታይ ሴት አይረን በቀን ከ45 እስከ 60 ሚሊግራም። ካልሲየም ከ1200 እስከ 1500 ሚሊግራም፣ ተከፋፍሎ፤ አሲድ ላነሰው ጨጓራ ካልሲየም ሲትሬት የሚባለው ይሻላል። አይረንና ካልሲየም አንድ ላይ አይዋጡም፤ በመካከላቸው ሁለት ሰዓት ይኑር። ቢ12 በክኒንም በመርፌም ይሰጣል፤ መርፌው ብዙ ጊዜ በወር አንድ ባለ 1000 ማይክሮግራም ነው፤ እንደ አንቺ ምልክት ላለው ሰው ግን ሐኪሙ መጀመሪያ ላይ ሊያዘወትረው ይችላል። ሲትሬቱ እዚህ ፋርማሲ አንድ ሰሞን ኖሮ አንድ ሰሞን ይጠፋል፤ እህትሽ ሰው ሲመጣ ትላክልሽ። «ጤፍ እበላለሁ፣ ጤፍ አይረን አለው» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። አለው፤ ነገር ግን በቀላሉ ወደ ደም የሚገባ ዓይነት አይደለም፣ ከላዩ ቡና ሲጠጣበት ደግሞ ይብሳል። አቦሉን ከክኒንሽም ከምግብሽም ቢያንስ አንድ ሰዓት አርቂው።

አሁን ወደ ኪሎሽ። 44 ኪሎ ቀንሰሽ ነበር፤ ከዚያ ውስጥ 35ቱ ዛሬም የለም። ሰው ግን የሚያየው የተመለሰውን 9 ነው፤ አንቺም ያንን ብቻ ማየት ጀምረሻል። ስዊድን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1987 ተጀምሮ ለዓመታት የተከታተሉት ትልቅ ጥናት አለ። ባይፓስ የተሠሩት ሰዎች በመጀመሪያው አንድና ሁለት ዓመት ከክብደታቸው 32 በመቶ ቀንሰው በአሥረኛው ዓመት ወደ 25 በመቶ ተመልሰው ነው የተገኙት። ስሊቭ ያኔ ገና ስላልተለመደ በዚያ ጥናት የለም፤ የነገሩ አካሄድ ግን አንድ ነው፤ ዝቅ ይላል፣ ትንሽ ይመለሳል፣ ይረጋል። አንቺ ዛሬም ከ118ቱ 30 በመቶ ያህል ወርደሽ ነው ያለሽው። ይህን «ተመለሰላት» ለሚሉት ንገሪያቸው አልልሽም፤ አንቺ ግን እወቂው።

ሁለተኛ ኦፕራሲዮን አሁን የሚታሰብ አይደለም። ኦዜምፒክም ቢሆን ከሐኪም ጋር የሚመከርበት መድኃኒት ነው እንጂ በስልክ ታዝዞ በሰው እጅ የሚመጣ አይደለም። ቢ12ሽና አይረንሽ ባለቀበት ሰዓት የምግብ ፍላጎትሽን ይበልጥ ብትዘጊው የሚቀልጠው ጡንቻሽ ነው። በደብዳቤሽ ያልጻፍሽውን አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ፤ በምግብና በምግብ መካከል ምን ትቀምሻለሽ? ጠባብ ጨጓራ ጥብስ ይመልሳል እንጂ ማኪያቶ አይመልስም። ሁለት ስኳር ያለው ማኪያቶ፣ ጁስ፣ ለስላሳ፣ ጠረጴዛ ላይ የማያልቅ ቆሎ ያለ ምንም ችግር ይወርዳሉ። ብዙ ሰው ላይ ኪሎው በዚህ በር ነው የሚመለሰው።

ከሁሉም ያስጨነቀኝ ግን ምስጢሩ ነው። ኦፕራሲዮንሽን የመደበቅ መብት አለሽ፤ የከሳ ሰው ሲታይ በሽታ የሚገመትበት አገር ውስጥ ነው ያለነው፣ ለምን እንደደበቅሽው ይገባኛል። ሆኖም ዋጋ እያስከፈለሽ ነው። ቫይታሚን ማቆምሽን የሚጠይቅሽ ሰው የለም። እናትሽ የሚያጎርሱሽ ስለማያውቁ ነው። ይበልጥ አደገኛው ደግሞ ይኸውልሽ፦ አንድ ቀን ሲያስመልስሽ ሰንብቶ ደክሞሽ ቅርብ ያለ ክሊኒክ ትገቢያለሽ። እኛ ዘንድ ድካም ሲባል ግሉኮስ ይሰቀላል። ለቀናት ሲያስመልሳት የነበረች ጨጓራዋ የተቆረጠ ሴት ግን ቢ1፣ ቲያሚን ማለት ነው፣ አልቆባት ሊሆን ይችላል፤ ግሉኮሱ ከቲያሚን ቀድሞ ከገባ ጭንቅላት ላይ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል። ዓይን ይንቀዋለላል፣ አረማመድ ይበላሻል፣ ነገር ይምታታል። ነርሷ ይህን የምታውቀው ካርድሽ ላይ ተጽፎ ካገኘች ወይም አብሮሽ ያለው ሰው ከነገራት ነው። «የሐሞት ጠጠር ኦፕራሲዮን ነበራት» የሚል ቤተሰብ ይዘሽ መሄድ ይቅርብሽ።

ለሁለት ሰው ንገሪ። አንዱ አዲስ አበባ ያለ፣ ሌሊት ስልክ የሚያነሳ ይሁን። ሌላው እናትሽ ቢሆኑ እመርጣለሁ፤ ካልሆነልሽ እናትሽ ቤት እሁድ የማይቀር ሌላ ሰው። በየሐኪም ቤቱ ካርድ ላይ ደግሞ የኦፕራሲዮኑ ዓይነትና ዓመተ ምሕረት ይጻፍልሽ።

አንቺን የመሰሉ ሰዎችም አሉ። አራት ኪሎ አንድ ምግብ ቤት በወር አንድ ቅዳሜ የሚገናኙ አምስት ሴቶች አውቃለሁ፤ አንድ ጊዜ ጋብዘውኝ ሄጄ ነበር። ለአምስቱ አንድ ሸክላ ጥብስ አዘዙ። አስተናጋጁ ቆሞ «የቀሩት እስኪመጡ ልጠብቅ?» አላቸው። የሸክላው ፍም ጠፍቶም ጥብሱ አላለቀም። ደንብ አላቸው፤ የላብራቶሪ ወረቀት ሳይታይ ስለ ኪሎ አይወራም። «ፌሪቲንሽ ስንት ገባ?» ይባባላሉ፣ አንዷ ክኒን ትታ ከተገኘች የዕለቱን ሒሳብ ትከፍላለች። እንዲህ ያለ ስብስብ ከየት ይገኛል ካልሽ፣ እዚህ የሚከታተልሽን ሐኪም ወይም ነርስ ጠይቂ፤ «እንደኔ ያለች ሴት ስልኬን ስጡልኝ» ብለሽ ቁጥርሽን ተዪ። እነዚህም የተጀመሩት እንደዚያ ነው።

ስለ ጉርሻው፦ ቀድመሽ አንቺ አጉርሺ። እናትሽን፣ አክስትሽን፣ ልጆቹን፤ ሲያጎርስ የሚውልን ሰው ማንም አያሳድደውም። የማትሸሺው ከመጣ ግማሹን በእጅሽ ተቀበዪው። ማዕዱ ላይ ከሁሉም ጋር ተቀመጪ፣ ግን ከወጡ ጀምሪ፤ እንቁላሉን፣ ሥጋውን፣ ምስሩን አስቀድመሽ እንጀራውን ወደ መጨረሻ አድርጊው፣ ያውም በትንሽ በትንሹ እየቆረስሽ። ውኃ ከምግቡ ጋር አይጠጣም፤ ግማሽ ሰዓት ይቆይ።

ጾሙን በተመለከተ ስሌቱን ላሳይሽ። በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ያስፈልግሻል። ወፈር ብሎ የበሰለ ምስር ግማሽ ብርጭቆ 9 ግራም ገደማ አለው። በምስር ብቻ 60 ለመሙላት ሰባት ጊዜ ያህል መብላት አለብሽ ማለት ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይተሽ ከጀመርሽ ያንቺ ጨጓራ ይህን እስከ ማታ አይችለውም፤ ለ55 ቀን ደግሞ ጭራሽ። ከጠዋት ጀምሮ እየበሉ መጾም ግን ይቻላል። ሽሮው ላይ የአኩሪ አተር ዱቄት ይቀላቀል፤ አዚፋ፣ ክክ፣ ወፍራም ሽሮ ከእንጀራው በፊት ይቅደሙ፤ ከእንስሳ ያልተሠራ የፕሮቲን ዱቄትም አለ። አሁን ባለሽበት ሁኔታ፣ ጣቶችሽ እየደነዘዙ፣ የዘንድሮውን ጾም ከንስሐ አባትሽ ጋር ሳትመክሪበት እንዳትጀምሪ። ቤተ ክርስቲያን የታመመን ሰው አታስገድድም። ለእሳቸው ግን የሐሞት ጠጠር እንዳትዪያቸው።

ጥያቄ፦ አሰላሙ ዓለይኩም ሲስተር። ፒያሳ የምነግድ የ54 ዓመት ሰው ነኝ። ባይፓስ ከተሠራሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ አልሐምዱሊላህ የስኳር መድኃኒቴ ቀንሶልኛል። ባለፈው ረመዳን ግን በተምርና በሳምቡሳ ሳፈጥር ላብ ያሰምጠኛል፣ ልቤ ይመታል፣ ካልተጋደምኩ አልችልም። ከተራዊሕ በኋላ ደግሞ እንደገና ያንቀጠቅጠኛል። ጉልበቴንም ስለሚያመኝ ዳይክሎፌናክ እገዛለሁ። ዘንድሮ ልጹም?

መልስ፦ ወዓለይኩም ሰላም፣ ወንድሜ። ከመጨረሻው ልጀምርልዎት፤ ዳይክሎፌናኩን ዛሬውኑ ያቁሙ። ዳይክሎፌናክ፣ ኢቡፕሮፌንና መሰሎቻቸው ባይፓስ በተሠራ ሰው ላይ ከረጢቷና አንጀቱ የተገጠሙበት ቦታ ላይ ቁስል ያወጣሉ፤ ሊደማም ሊበሳም ይችላል። ሲጋራ ካለ ይብሳል። ለጉልበትዎ ፓራሲታሞል ይሻላል፤ ካልበቃዎት ሐኪም ይየው። ፋርማሲ በገቡ ቁጥር «ባይፓስ ነኝ» ይበሉ፤ ባለሙያው ካልነገሩት አያውቅም። ሰገራዎ ጠቁሮ ካዩ አይረን ስለሚወስዱ ነው ብለው አይለፉት፤ አይረንም ያጠቁራል፣ የሚደማ ቁስልም ያጠቁራል፣ ለይቶ የሚነግርዎ ሐኪም ነው።

ላቡና የልብ ምቱ ዳምፒንግ ይባላል። ጣፋጩ ጨጓራ ውስጥ ሳይቆይ በአንድ ጊዜ አንጀት ላይ ሲወድቅ ሰውነት ውኃውን ወደዚያ ይስባል፤ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ይመጣል። ኋላ የሚመጣው መንቀጥቀጥ ሌላ ነው፤ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ኢንሱሊኑ ከልክ በላይ ወጥቶ ስኳርዎ ሲወርድ የሚሰማ ነው። ስለዚህ በውኃና በአንዲት ተምር ያፍጥሩ፤ ሱናው በእሱም ይሞላልዎታል። መግሪብን ሰግደው ሲመለሱ ቅቅል፣ እንቁላል፣ ዓሣ ያስቀድሙ። ሳምቡሳው የምስር ወይም የሥጋ ሆኖ አንድ ይበቃል፤ ጁሱን ይተዉት። ውኃ ከኢፍጣር እስከ ሱሑር በትንሽ በትንሹ እየተጎነጩ ቢያንስ አንድ ሊትር ተኩል ያድርሱ፤ አንድ ጠርሙስ በአንድ ትንፋሽ የሚጠጡበት ጊዜ አልፏል።

መጾምዎን የሚወስነው የቀረው የስኳር መድኃኒት ዓይነት ነው። ስኳርን ከልክ በታች ሊያወርዱ ከሚችሉት ወገን ከሆነ ከረመዳን በፊት መጠኑ መስተካከል አለበት፤ ሳይስተካከል አይጹሙ። በጣት የሚለካውን መሣሪያ ሱቅዎ ውስጥ ያስቀምጡ፤ ከ70 በታች ካሳየ በዚያው ቅጽበት ያፍርሱ። ለምርመራው ጣት መወጋቱ ጾም አያስፈርስም ወይ የሚለውን ለኢማምዎ ይተዉት፤ እኔ በዚያ በኩል የለሁበትም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ባይፓስ ከተሠራች ስምንት ወሯ ነው። ፀጉሯ በእፍኝ ይረግፋል። ጎረቤት «ሚስትህን ምን ነካት» ይለኛል፤ እናቴ ደግሞ «የልጅ ልጅ መቼ ነው» ትላለች። እኔ ምን ላግዛት?
ባል፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ ፀጉሩ ይመለሳል። ሰውነት ቶሎ ሲከሳ ከሦስተኛው ወር ጀምሮ ለጥቂት ወራት መርገፉ የተለመደ ነው፤ ከዓመት በኋላም ካላቆመ ግን ፕሮቲኗና አይረኗ ይታይ። የፀጉር ቅባት እየገዛህ ገንዘብህን አታባክን፤ በዚያው ብር እንቁላል ግዛ።

እርግዝናው ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ከ12 እስከ 18 ወር መቆየት አለበት። ልብ በል፣ ኪሎ ሲወርድ የማርገዝ ዕድል ይጨምራል፤ ለዓመታት ያላረገዘች ሴት ሳታስበው ታረግዛለች። በአፍ የሚዋጠው መከላከያ ባይፓስ ላይ አስተማማኝ አይደለም፤ ክንድ ላይ የሚቀበረውን ወይም ሉፕን ትምረጥ። ጊዜው ሲደርስ ቀድማ ደሟን ታሳይ፤ የእርግዝና ክትትል ስትጀምርም ባይፓስ መሆኗን ትንገራቸው፣ ለስኳር ምርመራ የሚያጠጡት ጣፋጭ እሷን ሊጥላት ይችላል።

እናትህን ግን ሚስትህ ሳትሆን አንተ ነህ የምትመልስላቸው። «ሐኪም ዓመት ተኩል ቆዩ ብሎናል» በላቸው፤ አንድ ጊዜ፣ በግልጽ፣ እሷ በሌለችበት። ለጎረቤቱ ምን እንደምትል ደግሞ እሷን ጠይቃት፤ ታሪኩ የሷ ነው። ማታ ማታ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ባለው አዲሱ የእግረኛ መንገድ አብረሃት ውጣ። ሰው ፊት መክሳቷን ብቻዋን ተሸክማ ከምትሄድ አንተ አጠገቧ ብትሆን ይሻላታል፤ ላንተም ቦርጭ አይጎዳህም።

ጥያቄ፦ የ29 ዓመት ወጣት ነኝ፤ ስሊቭ ከተሠራሁ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ድሮ አምስት ቢራ ምንም አይለኝም ነበር፤ አሁን አንዱ ያዞረኛል። ግን ሰሞኑን ከሥራ ስወጣ ሳልጠጣ ቤት አልገባም። ጓደኞቼ «በርካሽ ሰከርክ» እያሉ ይስቁብኛል። ጠጅስ ያው ነው?

መልስ፦ አልኮሉ ጨጓራህ ውስጥ ስለማይቆይ ቶሎ ደምህ ውስጥ ይገባል፣ ከፍ ብሎም ይወጣል። አንድ ቢራ ጠጥተህ መሪ አትያዝ። እኔን ያሳሰበኝ ግን «ሳልጠጣ አልገባም» ያልከው ነው። ከዚህ ኦፕራሲዮን በኋላ፣ በተለይ ሁለተኛው ዓመት ካለፈ ወዲያ፣ መጠጥ ሱስ የሚሆንባቸው ሰዎች ቁጥር እንደሚጨምር የታወቀ ነው፤ በባይፓስ ላይ ይበልጥ ታይቷል፣ ስሊቭ ላይም አለ። በፊት ማታ ማታ ምግብ ሲያጽናናህ ከነበረ አሁን ቦታውን ማን እንደያዘው አስተውል። አንድ ወር ሙሉ አቁም። ካቃተህ አትፈር፣ ለሚከታተልህ ሐኪም ንገረው፤ የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ ዘንድ ይልክሃል። እጅህ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ደግሞ ብቻህን በድንገት አታቁም፣ ሐኪም ባለበት ይሁን።

ጠጅም ይቆጠራል።